ወንድምሽ ቀብድ ቢቀበልም ቤቱ አልተሸጠም

ደብዳቤው ከአዳማ የመጣ ነው። ረዘም ስለሚል ፍሬ ነገሩን ብቻ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። አባታችን ያረፈው በ2003 ዓ.ም ነው፤ እናታችን ካረፈች ደግሞ ስምንት ወር ሆናት። እኔ ሳላገባ ቀርቼ ከእናቴ ጋር ነበርኩ። ስኳሯንም ግፊቷንም ያስታመምኩ፣ በመጨረሻው ዓመት አልጋ ላይ ስትውል ገላዋን ያጠብኩ እኔ ነኝ። ካርታው እስከ ዛሬ በአባቴ ስም ነው። በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ሱቄ ናት፤ ጓሮ በራሴ ገንዘብ ሁለት ሰርቪስ ሠርቼ አከራያለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ይኖራል፤ እህቴ አሜሪካ ናት፤ ሌላው ወንድማችን በ2011 ዓ.ም አርፎ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ከእናታቸው ጋር ናቸው። ባለፈው ወር ታላቅ ወንድሜ ደላላ አስከትሎ መጣና ‹ገዢ ተገኝቷል፣ 200,000 ብር ቀብድ ተቀብያለሁ፣ እህትሽም ተስማምታለች፣ በሁለት ወር ውስጥ ልቀቂ› አለኝ። የወራሽነት ወረቀት አዲስ አበባ አወጣለሁ ይላል። በእናቴ አርባ ዕለት ደግሞ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ‹እኔም የአባታችሁ ልጅ ነኝ› ብሎ መጥቶ ነበር፤ ወንድሜ አባረረው። እናቴ ታማ ሳለች ‹ቤቱ የእሷ ነው› የሚል ወረቀት ጎረቤታችን ጽፎላት በአውራ ጣቷ ፈርማበታለች፤ ሁለት ምስክሮችም አሉበት። አስታምሜ የቀበርኩ እኔ ሜዳ ላይ ልወድቅ ነው?»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ስለ ሁለቱ ወር እንቅልፍ አትጪ። ወንድምሽ አንቺን ከዚያ ቤት የማስወጣት ሥልጣን የለውም፤ ደላላውማ ጭራሽ። ያልተከፋፈለ ውርስ የወራሾች ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ የጋራ ንብረት የሚሸጠው ደግሞ ሁሉም ሲስማሙ ነው። አንድ ወራሽ ብቻውን ሊሸጥ የሚችለው የራሱን ድርሻ ነው፤ እሱንም ለውጭ ሰው ሲሸጥ ሌሎቻችሁ በቅድሚያ የመግዛት መብት አላችሁ። ስለዚህ ቁልፍ አታስረክቢ፣ ዕቃ አታውጪ፣ «ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ» የሚል ነገር ላይ አትፈርሚ። ሱቅሽን እንደ ወትሮው ክፈቺ።

ቀብዱን በተመለከተ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ መመዝገብ አለበት ይላል። ካፌ ተቀምጠው ደላላ በያዘው ወረቀት ላይ በመፈረም ቤት አይተላለፍም። ወንድምሽ ግን ነገሩን አቅልሎ አይቶታል። በዚያው ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ የተቀበለውን እጥፍ ይመልሳል፤ ስለዚህ ገዢው 400,000 ብር ልጠይቅህ ቢለው አይግረመው። ውሉ ራሱ ስላልጸና እጥፉም አይጸናም ብሎ ጠበቃው ይከራከርለት ይሆናል፤ ያ የእሱ ጣጣ ነው። ጣጣው ወደ አንቺ የሚዞረው ከዚያ ገንዘብ ላይ አንዲት ብር ከነካሽ ነው። «የድርሻሽን እንቺ» ብሎ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢልክልሽ በዚያው ቀን በመጣበት መንገድ መልሺለት፤ የመለስሽበትንም ማስረጃ ያዢ።

አሁን ደስ ወደማይልሽ ነገር ልለፍ። የእናትሽ ወረቀት ፍርድ ቤት ውስጥ ውሃ የሚያነሳ አይመስለኝም። በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በወረቀቱ ላይ ተጽፎ ተናዛዡና ምስክሮቹ እዚያው ይፈርሙበታል። 2 ምስክር የሚበቃው ከሁለቱ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም የሆነ እንደሆነ ነው። ጎረቤቶችሽ ደጋግ ሰዎች መሆናቸውን አልጠራጠርም፤ ግን ሁለት ናቸው። ምስክር ሳያስፈልግ የሚጸናው ኑዛዜ እናትሽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው በራሷ እጅ ጽፋ፣ ቀን አስፍራ የፈረመችበት ቢሆን ነበር። «ጎረቤቱ ሁሉ ባለበት ቤቱ ያንቺ ነው ብላለች» ብትዪም አይጠቅምሽም። በቃል ኑዛዜ ስለ ቀብርና ለአካለ መጠን ስላልደረሱ ልጆች ጉዳይ መናገር ይቻላል፤ ንብረት ማውረስ ከተፈለገ ግን ሕጉ የሚፈቅደው ለያንዳንዱ ከ500 ብር ያልበለጠ ስጦታ ነው። ሕጉ በ1952 ዓ.ም ሲወጣ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለአንድ ሳህን ክትፎም ያንገራግራል። ቁጥሩ ግን እስከ ዛሬ አልተነካም።

ወረቀቱን አትጣዪው፤ ጠበቃ ይየው። የእናትሽን ልብ ያሳያልና ሽማግሌ ፊት ክብደት ይኖረዋል። ደግሞም ቢጸና እንኳ እናትሽ ልትሰጥሽ የምትችለው የራሷን ድርሻ ብቻ ነበር። ይህ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስደናል፤ በቤታችሁ እስካሁን ማንም ያላነሳው ይመስለኛል።

ቤቱ የማን ነው? ካርታው በአባትሽ ስም መሆኑ ቤቱን የአባትሽ ብቻ አያደርገውም። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው፤ በዚህ የኦሮሚያም የፌዴራሉም የቤተሰብ ሕግ አይለያዩም። ወላጆችሽ የተጋቡበትን ዓመትና ቦታው የተመራበትን ዓመት ካርታውና የድሮ ሰነዶቹ ላይ አመሳክሪ። ምሪቱ ከጋብቻው በኋላ ከሆነ ግማሹ የእናትሽ፣ ግማሹ የአባትሽ ነበር። አባትሽ ቤቱን ይዞ ካገባ ወይም እሱም በተራው ከወረሰው፣ ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ ይለወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ነው። በእኛ ሕግ ባልና ሚስት ያለ ኑዛዜ አይወራረሱም። አባትሽ በ2003 ሲያርፍ እናትሽ የራሷን ግማሽ ይዛ ቀረች እንጂ የእሱን ግማሽ አልወረሰችም፤ የእሱ ግማሽ ያን ጊዜውኑ የልጆቹ ሆኗል። እናንተ ግን እንደ ወጉ እናታችሁን አልነካችሁም፣ ስሙንም አላዞራችሁም፤ ደግ አደረጋችሁ። አሁን በእጃችሁ ያለው እንግዲህ አንድ ሳይሆን ሁለት ውርስ ነው፤ የ2003ቱና የዘንድሮው። ወራሾቻቸውም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ።

በገንዘብ እንየው። ቤቱ በሚያወጣው በእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ብር ውስጥ 500,000ው የእናትሽ ነው፤ ይህ ለአራት ልጆቿ እኩል ይከፈላል፤ ለአንድ 125,000። የሞተው ወንድምሽ ድርሻ በእሱ ቦታ ለሁለቱ ልጆቹ ነው። ቀሪው 500,000 የአባትሽ ነው። ያ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው የአባትሽ ልጅ መሆኑ ከተረጋገጠ ለአምስት ይከፈላል፤ ለአንድ 100,000። አንቺ በሁለቱ ተደምሮ 225,000፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽም 225,000፤ አሜሪካ ያለችውም እንዲሁ። የሟቹ ወንድምሽ ልጆች እያንዳንዳቸው 112,500፤ ያ ሰው ደግሞ 100,000። እሱ ከሌለበት የአንቺ 250,000 ይሆናል።

ልዩነቱን ልብ በይ። ያ ሰው ወራሽ መሆኑ አንቺን ከ1 ሚሊዮኑ የሚያስወጣሽ 25,000 ብር ነው። ወንድምሽ ለዚህ ብሎ ነው በእናታችሁ አርባ ዕለት እንግዳ ከደጅ ያባረረው። እሱን ደብቃችሁ የወራሽነት ማስረጃ ብታወጡ፣ ነገ ሲቀርብ ማስረጃው ሊሰረዝ ይችላል፤ እያወቃችሁ ለፍርድ ቤት የሐሰት ቃል መስጠታችሁም ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ በጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው ብሎ ጨርሶታል። ማስረዳት ያለበት ግን እሱ ነው። የልደት ሰነድ፣ አባትሽ ልጄ ነው ብሎ የተቀበለበት ጽሑፍ፣ ወይም በሕይወት ሳለ እንደ ልጁ ያሳደገው፣ ዘመድ አዝማዱም እንደ ልጁ የሚያውቀው መሆኑን ያምጣ። ካላመጣ በሕግ ፊት ልጅ አይደለም።

አንድ ጎረቤት «የእሱማ ይርጋ አግዶታል» ሳይልሽ አይቀርም። ሕጉ በእርግጥ ወራሽነትን ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ አለው፤ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ 3 ዓመት። ግን ይርጋን ዳኛ በራሱ አያነሳውም፤ ተከራካሪ ነው የሚያነሳው። ሰውየው መቼ አወቀ፣ ቤቱን በ2003 የያዘው ማን ነው፣ እናትሽ የያዘችው የራሷን ነው ወይስ የልጆቹን ጭምር፤ ይህ ሁሉ ቀጠሮ በቀጠሮ የሚሄድ ክርክር ነው። እንዲህ ያለ ክርክር ያለበትን ቤት ደህና ገዢ አይጠጋውም፤ የሚጠጋው ርካሽ ፈላጊ ነው። እኔ ሰውየውን በሽማግሌ አስጠርቼ ማስረጃውን አያለሁ።

አሁን ወደሚያምሽ ልምጣ። ማስታመም የውርስ ድርሻ አይጨምርም። ሕጉ ልጆችን በእኩል ነው የሚያየው፤ የቀረውም ያስታመመውም፣ ከአሜሪካ በዓመት አንዴ የደወለውም አንድ ነው። ይህ ፍትሕ ይመስለኛል ብልሽ አታምኚኝም። ነገር ግን እጅሽ ባዶ አይደለም። የቀብር ወጪ ከውርሱ ላይ ከሁሉ በፊት የሚከፈል ነው፤ ከራስሽ ኪስ ያወጣሽው ካለ ውርሱ ሳይከፋፈል ይታሰብልሻል። እናትሽ ለሆስፒታል ወይም ለሰው የቀረባት ዕዳ ካለም እንዲሁ። ለመድኃኒት ያወጣሽውን ግን ዳኛ ፊት ይዘሽ ብትቆሚ «ልጅ ለእናቷ ያደረገችው» ተብሎ እንዳይታለፍ እሰጋለሁ። ያን ሽማግሌ ፊት አቅርቢው። ሽማግሌ ሕግ የማያየውን ያያል፤ ወንድምሽም አፍ አውጥቶ «እኔ ገላዋን አጥቤያለሁ» ሊል አይችልም።

ስለ ሰርቪሶቹ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ የሚጠቅምሽ፣ ሌላው የማይጠቅምሽ። የሚጠቅምሽ፣ በራስሽ ገንዘብ መሥራትሽን ካስረዳሽ የግንባታው ወጪ ለአንቺ እንዲታሰብ መጠየቅ ትችያለሽ። የብሎኬትና የቆርቆሮ ደረሰኝ፣ ግንበኛው፣ ቆርቆሮውን የመታው ሰው፣ በባንክ ያወጣሽው ገንዘብ፤ የተገኘውን ሁሉ ሰብስቢ። የማይጠቅምሽ ደግሞ፣ እናትሽ ካረፈች ወዲህ የሰበሰብሽው ኪራይ ነው። የጋራ ቦታ ላይ የተሠራ ቤት ኪራይ ነውና ሌሎቹ «ሒሳብ አቅርቢ» ሊሉሽ ይችላሉ። ከዛሬ ጀምሮ የተቀበልሽውን፣ ለውሃና ለመብራት የከፈልሽውን፣ ለጥገና ያወጣሽውን በደብተር ጻፊ። ሳይጠየቁ የተጻፈ ሒሳብ ዳኛም ሽማግሌም ያምነዋል።

ወደ ወረቀቱ እንሂድ። ውርስ የሚከፈተው ሟች ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ሁለቱም ወላጆችሽ የኖሩትም ያረፉትም አዳማ ነው፤ ስለዚህ የወራሽነት አቤቱታው የሚቀርበው አዳማ ፍርድ ቤት ነው። ወንድምሽ አዲስ አበባ ምስክር ቆጥሮ ቢያወጣም እዚህ መቃወም ትችያለሽ፤ ግን ከመቃወም መቅደም ይሻላል። አቤቱታው በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ በር ላይ ያሉት ራፖር ጸሐፊዎች ይጽፉልሻል፤ የምትፈርሚበትን ግን ሙሉ በሙሉ አስነብበሽ አስተርጉመሽ ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ «ወራሾች» የሚለውን ቦታ የነገሩትን ሳይሆን የገመተውን ይሞላል። የአባትሽን ልጆች ሁሉ፣ የሞተውን ወንድምሽን ልጆች ጨምረሽ፣ በስም አስጽፊ።

የእናትሽን የሞት ምስክር ወረቀት ከቀበሌ ወሳኝ ኩነት ታወጫለሽ። የአባትሽ ያስቸግርሽ ይሆናል፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ በፊት ላረፈ ሰው ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል። እድሩ የቀበረበትን ቀን በመዝገቡ ያስፈረ እንደሆነ ደብዳቤ ይጻፍልሽ፤ የቤተ ክርስቲያኑም ይረዳል። ምስክር ስትመርጪ ወላጆችሽን ከጋብቻቸው ጀምሮ የሚያውቁ፣ ልጆቹን በስም መቁጠር የሚችሉ ይሁኑ። መስቀለኛ ጥያቄ ላይ «አራት ይሁኑ አምስት ልጆች እንጃ» ያለ ምስክር ከሌለ ይሻላል።

የወራሽነት ማስረጃ ሲወጣ ቤቱ እጅሽ የገባ እንዳይመስልሽ። ወረቀቱ ወራሽ መሆናችሁንና ድርሻችሁን ነው የሚናገረው። ክፍፍሉ ላይ ካልተስማማችሁ ውርሱ ይጣራ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ፍርድ ቤቱ የሚሾመው አጣሪ ንብረቱን፣ ዕዳውን፣ ወራሹን፣ ያንቺን ሰርቪስና የቀብር ወጪ ጭምር ዘርዝሮ ሪፖርት ያቀርባል። አንቺን የሚጠቅምሽ ይህ ነው፤ የደከምሽበት ሁሉ በጽሑፍ የሚገባበት ቦታ እሱ ነውና።

እህትሽ «ሽጡት» ብላ በዋትስአፕ መናገሯ ለወንድምሽ ምንም ሥልጣን አይሰጠውም። ለመሸጥ ውክልና ያስፈልገዋል፤ እሱም «ጉዳዮቼን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ቤቱን ለይቶ «ይሽጥልኝ» ማለት አለበት። ይህ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተፈርሞ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ተረጋግጦ ነው የሚሠራው። ዜግነት ቀይራ ከሆነ ቢጫ ካርዷን፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዋን፣ ይዛ ትቅረብ፤ በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ትውልደ ኢትዮጵያውያን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዲሆኑ ይፈቅዳል። አንቺ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት ራስሽ ደውይላት። ወንድምሽ የነገራት የቱን እንደሆነ አታውቂም። ስለ ቀብዱ፣ ስለ ሱቅሽ፣ ስለ ሟቹ ወንድማችሁ ልጆች የሰማችው ላይኖር ይችላል።

ስለ እነዚያ ልጆች ደግሞ፣ እናታቸው ልትፈርምላቸው ብትፈልግም የልጆችን ቤት ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ትጠየቃለች። ባሏ የወረሰው የግሉ ስለነበር እሷ ራሷ ድርሻ የላትም፤ ልጆቿን ወክላ ነው የምትቆመው። ይህ ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል፤ ወንድምሽ የሰጠው ሁለት ወር በዚህ ብቻ እንኳ የማይሆን ነገር ነው። እሷን ከጎንሽ አድርጊ። ልጆቿን አስታውሶ የጠየቃት ሰው ያለ አይመስለኝም።

እስካሁን መከላከልሽን ነው የጻፍኩት። ግን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ለዘላለም መከልከል አትችዪም። ማንኛውም ወራሽ ክፍፍል የመጠየቅ መብት አለው። ቤቱ በዓይነት የማይከፈል ከሆነና ካልተስማማችሁ መጨረሻው ሐራጅ ነው። ሐራጅ ደግሞ በስምምነት የሚሸጥን ቤት ያህል የማውጣቱ ነገር አጠራጣሪ ነው። ከዚያ በፊት ያለሽ ምርጫ የሌሎቹን ድርሻ መግዛት ነው። በ1 ሚሊዮን ሒሳብ አንቺ የራስሽ 225,000 አለሽ፤ 775,000 ትፈልጊያለሽ። ከባድ ነው። ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት የለብሽም። እህትሽ የእሷን በጊዜ ክፍያ ብትለቅልሽ፣ የልጆቹ ድርሻ ላይ ባለሽበት እየከፈልሽ ብትቆዪ፣ ወንድምሽን ብቻ በጥሬ ገንዘብ ብታወጪው? ካርታው ወደ ወራሾች ስም ከዞረ በኋላ ባንክ ሊያነጋግርሽ ይችላል፤ በሟች ስም ባለ ካርታ ግን አያበድርሽም። ሌላው መንገድ ቦታውን መክፈል ነው፤ ፊት ለፊት ያለው ሱቅና ክፍል ለአንቺ፣ ቀሪው ይሸጥ። ቦታው ለሁለት ካርታ የሚበቃ መሆኑን የሚነግርሽ መሬት አስተዳደር ነው፤ ሄደሽ ጠይቂ።

መሬት አስተዳደር ስትሄጂ ሌላም የምታጣሪው አለ። ካርታው ላይ ያለውን ስፋት ከአጥርሽ ጋር አስለኪ። በድሮዎቹ ሠፈሮች አጥሩ ከካርታው የሚሰፋበት ጊዜ አለ፤ ትርፉ ቦታ የሽያጩ ቀን ነው ጣጣ ሆኖ የሚመጣው። ሰርቪሶቹ ፈቃድ አላቸው? ቤቱ ላይ እገዳ ወይም የባንክ ዕዳ አለ? የቦታና የቤት ግብሩ የት ደርሷል? ሳይከፈል የቀረ ካለ ስም አይዞርም።

ሽያጭ ከሆነም በ2004 የወጣውን የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 አስታውሱ። ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት ውጭ የተያዘ የቆየ ቦታ፣ በውርስ ሲተላለፍ ነባርነቱን ይይዛል፤ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ቦታውን ለተወሰነ ዘመን ለመንግሥት እየከፈለ ይይዛል ማለት ነው። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የምትሸጡት ቤቱን ነው። ገዢው የሊዙን ወጪ አስቦ ከዋጋው ይቀንስባችኋል። ደላላው ይህን «አዲስ ነገር መጣ» ብሎ መጨረሻ ላይ እንዳያመጣባችሁ ዋጋ ስትነጋገሩ ከመጀመሪያው አንሱት። የስም ማዞሪያ የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው፤ የከተማው የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው፤ ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ። ከሽያጩ በሚገኘው ትርፍ ላይ ያለውንም ግብር ገቢዎች ጠይቁ። ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ያገለገለ ስላልሆነ፣ ሱቅሽና ኪራዩ ጥያቄ ማስነሳታቸው አይቀርም።

«ግብር እንዲያንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እንቢ በይ። ገቢዎች የራሱን ግምት ይወስዳል፤ ገዢው ቀሪውን ሳይከፍል ቢቀር ደግሞ እጅሽ ላይ የሚቀረው የተጻፈው ዋጋ ብቻ ነው። ክፍያው በእያንዳንዱ ወራሽ ስም በተለየ ሲፒኦ ይሁን፤ ሁሉ በወንድምሽ ሒሳብ ገብቶ ከዚያ ይከፋፈላል የሚባል ነገር አይኑር። የልጆቹ ገንዘብ በስማቸው በተከፈተ ሒሳብ ይግባ።

ለወንድምሽ በስልክ አትከራከሪው፤ በስልክ የተጀመረ የውርስ ነገር በስድብ ነው የሚያልቀው። ከእድሩ ወይም ከአባትሽ ዘመዶች ሁለት ሽማግሌ ያዢ፤ አንዱ ወንድምሽ የሚያከብረው ሰው ይሁን። ሲቀመጡ «አትሽጥ» ብለሽ አትጀምሪ። የወራሽነት ማስረጃውን አዳማ አብረን እናውጣ፣ ያ ሰው ማስረጃውን ያቅርብ፣ የእኔ ሰርቪስና የቀብር ወጪ ይታሰብ፣ ከዚያ የምገዛበት ስድስት ወር ስጡኝ፤ ካልቻልኩ በስምምነት እንሸጣለን በይ። የተስማማችሁበት ይጻፍ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት፣ ፍርድ ቤት ይጽደቅላችሁ። ጽሑፉ ውስጥ አንቺ እስኪሸጥ ድረስ በቤቱ እንደምትቆዪና ኪራዩ እንዴት እንደሚታሰብ አይዘለል።

ወንድምሽ እምቢ ካለና ደላላው እየተመላለሰ ካስቸገረሽ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ የሚል እግድ ከአቤቱታሽ ጋር ጠይቂ፤ እግዱ መሬት አስተዳደር ሲደርስ ነገሩ ይበርዳል። ገዢውንም ፈልገሽ አግኚው። ወራሾች ገና በፍርድ ቤት እንዳልታወቁ፣ አንቺ እንዳልተስማማሽና አካለ መጠን ያልደረሱ ወራሾች እንዳሉ በጽሑፍ አሳውቂው፤ ቅጂውን በፊርማ አስቀሪ። ደህና ሰው ከሆነ ቀብዱን ከወንድምሽ ራሱ ይጠይቃል።